ካቴተር የገባለትን ሰው ቤት ውስጥ ማስታመም

ሽንት ከልክሎት ሐኪም ቤት የገባ አባት፣ የፕሮስቴቱ (ከፊኛ በታች ያለው የወንድ ዕጢ) ነገር እስኪለይ ድረስ ብዙ ጊዜ ከነካቴተሩ፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ ወደ ከረጢት ከሚያወርደው ቱቦ ጋር፣ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ከመውጣትዎ በፊት ነርሷን አራት ነገር ጠይቀው ይጻፉ፦ ቱቦው ላቴክስ (ጎማ) ነው ወይስ ሲሊኮን፣ የውፍረት ቁጥሩ ስንት ነው፣ ቱቦው እንዳይወጣ ጫፉ ላይ በውኃ በሚነፋው ባሉን ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ውኃ ገባ፣ የሚቀየረው መቼ ነው። ላቴክስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ሲሊኮን እስከ 12 ሳምንት ይቆያል።

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ገና ቤት ሳይደርሱ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። አዳማ ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ የሽንት ከረጢቱን በነጠላ ሸፍኖ ጭን ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ሰው እንዳያይ ነው፣ ይሉኝታ ነው። ነገር ግን ታማሚው ሲቀመጥ ጭኑና ፊኛው እኩል ይሆናሉ። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ጀርሙንም ይዞ ይገባል። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት ከረጢቱን ባዶ ያድርጉ፤ መንገድ ላይ ከጉልበት በታች አንጠልጥለው ይያዙት። ነጠላው እዚያም ይሸፍነዋል። ቤት ሲደርሱ የአልጋው ብረት ላይ ይንጠልጠል እንጂ ወለል ላይ አይጣል።

ቀጥሎ ቱቦውን ጭን ላይ በፕላስተር ያጣብቁ፤ ታማሚው እግሩን ሲዘረጋ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ይበል። ውስጥ ያለው ባሉን ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይዟል። ቱቦው በተጎተተ ቁጥር ባሉኑ የፊኛውን አፍ እያሻሸ ያደማል።

እጥበቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰገራ ከወጣም በኋላ ነው። እጅዎን ይታጠቡ፣ ጓንት ያድርጉ። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ቱቦው የሚገባበትን ቦታ ያጽዱ፤ ሴት ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ። ከዚያ ቱቦውን ሰውነቱ አጠገብ በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ወደ ውጭ ብቻ እየጠረጉ አንድ ስንዝር ያህል ይሂዱ። ቫዝሊን አይቀቡ፣ ላቴክስ ያበላሻል። ዱቄትም አያስፈልግም።

ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሊትር ይይዛል፤ ግማሽ ሲያልፍ ያፍስሱት። ባይሞላም ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ላይ ያፍስሱ። የከረጢቱ አፍ መለኪያውን አይንካ። መለኪያ ለመግዛት አይጨነቁ፦ የ1 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ይቁረጡ፣ ሚሊ ሊትር በተጻፈበት የሕፃን ጡጦ 100፣ 100 ውኃ እየጨመሩ ጎኑ ላይ በማርከር መስመር ያስምሩ። ጡጦውን ለመስመሩ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሃይላንዱ ከወጥ ቤት ይራቅ።

ሰዓቱን፣ መጠኑንና መልኩን ደብተር ላይ ያስፍሩ። 60 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ የታችኛው ልክ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ8 ሰዓት 240 ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ ወይ ፈሳሽ አንሶታል፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ ኩላሊቱ ተቸግሯል። በአዳማ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ውኃው በላብ ስለሚወጣ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል። ልብና ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ በቀን 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ጥሩ ነው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ግን ልኩን ሐኪሙ ይንገርዎ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ፣ ቀይ ሥር ደግሞ ሮዝ ሊያደርግ ይችላል፤ ደም መስሎዎት አይደንግጡ።

ሽንት ድንገት ቢቆም ከመሮጥ በፊት እነዚህን ይዩ፦ ቱቦው ተጣጥፏል? ተኝቶበታል? ከረጢቱ ሞልቷል ወይስ ከፍ ብሏል? ሆዱስ ደርቋል? የሆድ ድርቀት ቱቦውን ከውስጥ ይጫነዋል፣ በጎኑ የሚንጠባጠብ ሽንትም ያመጣል፤ ይህን ማንም አይጠረጥርም። ሁሉም ደህና ሆኖ ከእምብርት በታች ከተወጠረና ካመመው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ቱቦውን በመቀስ መቁረጥም ሆነ መጎተት ክልክል ነው፤ ባሉኑ እንደተነፋ ከወጣ የሽንት መስመሩን ይቀድዳል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የረጋ ደም፣ ወይም አዛውንቱ ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ በዚያው ቀን ይታዩ። ሽንቱ ስለሸተተ ብቻ ግን ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ አይግዙ። ቱቦ ያለበት ሽንት ውስጥ ከጊዜ በኋላ ባክቴሪያ መገኘቱ አይቀርም፤ ያለ ምልክት በታከመ ቁጥር ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምዳል።

ቱቦው በነርስ እጅ ከወጣ በኋላ ያሉት ሰዓታት ተዘንግተው ያልፋሉ። ጎረቤት ተሰልፎ በሚጠብቅበት የግቢ ሽንት ቤት የሚያፍር ሰው ፊኛው ቢሞላም አይለቅለትም። ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ፖፖ ያቅርቡለት፤ ወንድ ከሆነ ይቁም ወይም ይቀመጥ፣ ተኝቶ አይሞክር። የመጀመሪያዎቹን ሽንቶች በዚያው ሃይላንድ ይለኩ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ጠብ ካላለ፣ ወይም ትንሽ ትንሽ እየወጣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደብተሩን ይዘው ይመለሱ።