«ትኬቱን ላግኝ እንጂ»፦ የምርምር ጉዞ ድጋፍ ሲጠየቅ የሚሠሩ ስህተቶች

የሌሎችን ማመልከቻ ማንበብ የጀመርኩት ራሴ ሁለት ጊዜ ከወደቅኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውድቀት ይገባኝ ነበር፤ ሁለተኛው የመጣው በአንድ ፊደል ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ። ከዚያ ወዲህ ለሁለተኛ ዲግሪና ለዶክትሬት ተማሪዎች አነስተኛ የጉዞ ገንዘብ ከሚመድቡ ገምጋሚዎች ጋር ጥቂት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ደካማ ጥናት ይዞ የሚወድቀው ሰው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ብዙዎቹ የሚወድቁት ጥናታቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ መሄድ ለምን እንዳስፈለጋቸው ሳያስረዱ ቀርተው፣ ወይም የኋላውን ወረቀት ከፊተኛው አስቀድመው ነው።

«አውሮፓ ብሄድ ጥናቴ ይጠነክራል»

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ተማሪው ርእሱን በሦስት ገጽ በሚገባ ያብራራል፤ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሦስት ወር ፓሪስ ወይም ሃምቡርግ መቀመጥ «የላቀ ልምድ» እንደሚያስገኝለት ይጽፋል። ገምጋሚው ግን ስለ ልምድ አልጠየቀም። እዚያ ያለው፣ እዚህ የሌለው፣ በሌላ መንገድም የማይገኘው ነገር ምን እንደሆነ ነው ማወቅ የሚፈልገው።

የማውቀው መስክ ስለሆነ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ተማሪ ልውሰድ። በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች አሉ። ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከአገራችን የሰበሰባቸው ይገኛሉ። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍትም የራሱ የግእዝ ክምችት አለው። ስለዚህ «ብራናው እዚያ ነውና ልሂድ» ማለት በቂ ይመስላል። አይበቃም። ከዳባዲ ስብስብ ብዙው ጋሊካ በተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታል ማኅደር ላይ ቤት ተቀምጦ ይነበባል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ውስጥ አድባራትና ገዳማት እየተዞረ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺሕ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ቅጂያቸው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ብዙዎቹንም በድረ ገጹ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ገምጋሚ እጅ የገባ ማመልከቻ፣ ተማሪው ድረ ገጾቹን ፈትሾ እንደሆነ ካልተናገረ፣ ብዙም ሳይነበብ ወደ ጎን ይደረጋል።

ታዲያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? የድሮው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ አይለይም። ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበት የባለቤት ስም አይታይም። ጥራዙ ስንት ቅጠል እንደነበረው፣ የትኛው ቅጠል ኋላ እንደገባ፣ ድጉሱ (የቆዳ ሽፋኑ) የመጀመሪያው ይሁን የታደሰ፣ መጽሐፉን በእጅ ሳይዙ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። «የዚህን ገድል ሁለት ቅጂዎች ጥራዝ በጥራዝ ለመቁጠርና የተፋቀውን ስም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለማንበብ አሥራ ሁለት የሥራ ቀን ያስፈልገኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ የጥናት ዳራ ይበልጣል። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ የወደቀው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስላልነበረው ነው። ስድስት ወር ጠይቄ ነበር፤ ስድስት ወር ምን እንደምሠራበት እኔም አላውቅም ነበር።

በቤተ ሙከራ የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። «እዚያ ዘመናዊ መሣሪያ አለ» ሲባል ገምጋሚው ናሙናው ተልኮ ውጤቱ በኢሜይል ቢመጣ ምን ይጎድላል ብሎ ይጠይቃል። ዘዴውን ተምሮ መመለሱ ዋና ጉዳይ ከሆነ እሱን ይጻፉ። ናሙና ይዞ መውጣትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጤፍ ዘር፣ የመድኃኒት ዕፅ ወይም ከአፈር የተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ ለምርምር ከአገር ሲወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከተዋል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ የጀመረ ተማሪ የጉዞው ቀን ሲያልፍበት አይቻለሁ።

«ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች ጽፌ አንድም አልመለሰልኝም»

ለሃምሳ ሰው የተላከ ደብዳቤ ለማንም አልተጻፈም። የተቀባዩን አንድ ሥራ እንኳ የማይጠቅስ፣ ከላይ ስሙ ብቻ የተቀየረለት ጽሑፍ መሆኑ በሁለተኛው መስመር ይታወቃል። ሦስት ሰው ይምረጡ፤ የጻፉትን በእርግጥ ያንብቡ፤ ከእነሱ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በአሥር መስመር ይንገሯቸው። ምሁሩ ካልመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር አይደለም። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል።

የግብዣ ደብዳቤው ሲመጣም መፈተሽ አለበት። «ብትመጣ ደስ ይለናል» የሚል ደብዳቤ ለወዳጅነት እንጂ ለኤምባሲ አይሆንም። ከየትኛው እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆዩ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ጠረጴዛ ወይም ቤተ ሙከራ ማን እንደሚሰጥዎ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ ይጻፍበት። ረቂቁን እርስዎ አዘጋጅተው ቢልኩለት አብዛኛው ፕሮፌሰር ደስ ይለዋል።

በግል የማይጠየቅ ገንዘብም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ፕላስ የልውውጥ ገንዘብ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ስምምነት ካልኖረ ለተማሪው አይደርስም። ስለዚህ ብራስልስ ከመጻፍ በፊት የዩኒቨርሲቲዎን የውጭ ግንኙነት ቢሮ አንኳኩተው «ከማን ጋር ስምምነት አለን?» ማለት ይቀድማል። ለዶክትሬት ተማሪዎች ከ5 እስከ 30 ቀን የሚደርስ አጭር ቆይታም በፕሮግራሙ ተፈቅዷል፤ ሙሉ ሴሚስተር ካልሆነ አይሰጥም ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው።

«ቪዛው በሁለት ሳምንት ይወጣል»

ይወጣ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ (አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያስገባው) መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባና የሚያስወጣ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። የመጀመሪያው ለውጥ ጊዜ ይጠይቃል፤ በቀጠሮ ጥበቃው ላይ የሚደመር ጊዜ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው እስከ ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል የግብዣው ደብዳቤ በእጅ እንደገባ ቀጠሮ መያዝ ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ለውጥ፣ የብዙ ጊዜ ቪዛው መቅረቱ፣ የጉዞውን ካርታ ይለውጣል፤ ይህን ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። እንግሊዝ ከሼንገን ውጭ ናት፤ ቪዛዋም ለብቻው ነው። ሮም ጀምሮ ለንደን አልፎ በፓሪስ ሊመለስ ያቀደ ተማሪ፣ ከሮም ወደ ለንደን ሲሻገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ቪዛው ያበቃል፤ ፓሪስ አትቀበለውም። ሮምንና ፓሪስን አስቀድሞ ጨርሶ ለንደንን መጨረሻ ላይ አድርጎ ከዚያው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ መብረር ነው። እንደ ፊተኛው ያለ የተሰባበረ የጉዞ መስመር በማመልከቻ ላይ ስናይ ተማሪው ቪዛውን እንዳላሰበበት ወዲያው ይገባናል።

ክረምታችን ለጉዞ ይመቻል፤ ትምህርት ዝግ ነው። ችግሩ እዚያም ዝግ መሆኑ ነው። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ገደማ አንባቢ አያስተናግድም። ነሐሴ ላይ ብዙው የአውሮፓ ምሁር ዕረፍት ነው። በለንደን ኪው የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍሎች እሑድና ሰኞ ዝግ ናቸው፤ አምስት ቀን ብሎ ያቀደ ሰው ቅዳሜ ማታ ከደረሰ ሁለቱን ቀን ሆቴል ተቀምጦ ይበላቸዋል። በሌላ በኩል እዚያ በራስ ካሜራ ማንሳት ስለሚፈቀድ ለቅጂ የሚመደበው ገንዘብ ለሌላ ይሆናል። ድንገተኛም አለ፦ ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ጠላፊዎች ከተመታ በኋላ የካታሎጉም የዲጂታል ብራናዎቹም አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከመሄድ በፊት የመለያ ቁጥሩን ጠቅሶ «ይህ ብራና በእነዚህ ቀናት ይወጣልኛል?» ብሎ ለክፍሉ መጻፍና መልሱን ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ገንዘብ የማያስወጣ፣ ግን ገምጋሚን የሚያሳምን ሥራ ነው።

«በጀቱን በግምት ሞላሁት»

በጀት የሚነበበው በመጨረሻ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው፤ ሰውየው ጉዞውን በዓይነ ሕሊናው አይቶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ትኬትና ሆቴል ብቻ ጽፎ የተወው አላየውም። የሼንገን ቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምርበታል። የጉዞ የሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ሰነዶችን ማስተርጎም፣ ማረጋገጥ፣ የከተማ ትራንስፖርት፣ ለክፍል ኪራይ የሚያዝ ቅድመ ክፍያ፣ አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች የሚጠይቁት የመገልገያ ክፍያ፣ እነዚህ ሁሉ ከኪስ የሚወጡት በበጀቱ ላይ ስላልተጻፉ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ብር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በግንቦት 150,000 ብር የጸደቀለት ተማሪ ከ2,600 ዶላር በላይ ይዤያለሁ ብሎ ክረምቱን ጠብቆ፣ መስከረም ላይ 1,500 እንኳ አልሞላለትም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ግን በጀቱን በዶላር ጽፎ የብሩን መጠን በዕለቱ ምንዛሪ እንዲሰላ ቢጠይቅ ኖሮ ቢያንስ የሚከራከርበት ወረቀት ይኖረው ነበር።

«ተመልሼ ስመጣ ይከፈለኛል»

ብዙ የጉባኤና የአጭር ጉዞ ድጋፎች ገንዘቡን የሚሰጡት ከጉዞው በኋላ ደረሰኝ አይተው ነው። ክሬዲት ካርድ ባለበት አገር ይህ ችግር አይደለም። እዚህ ግን ተማሪው ትኬቱን በብድር ይገዛል፤ የቤተሰብ ዕቁብ ይቀደምለታል፤ ከተመለሰ በኋላም ወራት ይጠብቃል። ሽልማቱን ከመቀበልዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጻፉላቸው፦ ትኬቱን እናንተ በቀጥታ ልትገዙ ትችላላችሁ ወይ? የኑሮ ወጪው ስደርስ በእጄ ሊሰጠኝ ይችላል ወይ? በትሕትና ለጠየቀ ሰው እሺ ሲሉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያልጠየቀው ግን በመደበኛው ሥርዓት ይስተናገዳል። የመሳፈሪያ ወረቀቱንም አይጣሉት፤ ያለ እሱ ትኬቱን የማይተኩ ድርጅቶች አሉ።

«ስሜ ያው ስሜ ነው»

አንዷን ፊደል እዚህ ላይ ላምጣት። በፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» ተጽፏል፤ በዲግሪዬ ላይ በሁለት። ድጋፍ ሰጪው ድርጅት ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጥ አለኝ፤ ማረጋገጫው ሲደርስ ዙሩ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስደርጋቸው ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና ያሳተሙትን ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ስማቸውን ፊደል በፊደል እንዲያነጻጽሩ ነው። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ አንድ ጊዜ የአባትን፣ ሌላ ጊዜ የአያትን መጻፍም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል፤ ፓስፖርቱ እንደሚለው ብቻ ይጻፉ። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ አንዱ ወረቀት ሰባት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ጨምሮ እንዳይሆን ማየት ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። ማመልከቻ «በ12 ሰዓት ይዘጋል» የሚለውን አንድ ጎበዝ ልጅ የማታ 12 ሰዓት መስሎት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ሲያርም ዋለ። እነሱ ያሉት እኩለ ቀን ነበር፤ ያውም የመካከለኛው አውሮፓ፣ በእኛ በበጋ ከቀኑ 8 ሰዓት። በ11 ሰዓት ሊያስገባ ሲከፍት ገጹ ተዘግቷል።

«ደብዳቤውን አማካሪዬ ይፈርምልኛል»

ይፈርማል፤ ጥያቄው ምን ላይ ነው። ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የተጠየቀ አማካሪ «ትጉህና ታማኝ ነው» ከማለት ውጪ የሚጽፈው የለውም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመው ማመልከቻውን ጭምር ይስጡት።

«ሁለቱም ከሰጡኝ ምን ያጣላናል?»

ከሁለት ቦታ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ መደበቅ ግን ሌላ ነው። አንዱ ትኬቱን፣ ሌላው የኑሮውን ወጪ እንዲችል አድርጎ በግልጽ መጻፍ ሁለቱንም ያበረታታቸዋል። ለአንድ ትኬት ሁለት ጊዜ ተከፍሎት የተገኘ ሰው ግን ገንዘቡን መልሶም አይድንም፤ ትምህርት ክፍሉ ራሱ ለሚቀጥሉት ዓመታት በጥርጣሬ ይታያል።

«ወደቅኩ፤ በቃ»

ብዙዎቹ ድጋፎች በየዓመቱ ይከፈታሉ። የውድቀት ደብዳቤ ሲመጣ አመስግነው፣ ገምጋሚዎቹ የሰጡት አስተያየት ካለ እንዲልኩልዎ በሁለት መስመር ይጠይቁ። አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግማሽ ገጽ ይልካሉ። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ማመልከቻ ቀኑን ቀይረው አይመልሱት፤ ባለፈው የተነሣውን ጥያቄ ስሙን ጠርተው እንዴት እንዳስተካከሉት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉ። ከገምጋሚዎቹ መካከል አምና ያነበበው ሰው ይኖራል፤ ያስታውስዎታል።