የሠራተኛ ደሞዝ ይዞ ግሸን መውጣትና ሌሎች ስህተቶቻችን

ደሴ ላይ መጾምና ማስቀደስ የሚያስተምረን ሰው አያስፈልግም። በእናቶቻችን ነጠላ ጫፍ ተንጠልጥለን መድኃኔ ዓለም ስንሄድ ነው የተማርነው። ስለዚህ የጸሎት ሰዓትና የጾም ደንብ እዚህ አልደግምም። የምጽፈው በሰፈር ሽምግልና ስቀመጥ ስለማያቸው አዋቂዎች ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች እንኳን ይሻላሉ። አዋቂዎቹ አንገታቸው ላይ ማዕተብ አለ፤ ሳሎናቸው ሥዕለ አድኅኖ ተሰቅሎበታል፤ የጽዋ ማኅበር ተራቸውን አያስተላልፉም። ሽማግሌ ፊት የሚያቀርባቸው ግን ሁልጊዜ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ስም ወይም የሰው ድካም ነው። ከሰው ጋር ያለባቸውን ከእግዚአብሔር ጋር ሊጨርሱት ይፈልጋሉ።

የሠራተኛ ደሞዝ ይዞ ስለት ማስገባት

ይኼኛው ላይ ትዕግሥት ስለሌለኝ ቀድሜ ልገላገለው።

መስከረም ሲገባ ደሴ በግሸን ማርያም ተጓዥ ትሞላለች። ከየአገሩ የመጣው አውቶቡስ እዚህ ያድርና ለ21 ወደ አምባሰል ይቀጥላል። የእኛም ሰው ጃንጥላውን፣ መጋረጃውን፣ ጧፍና ዕጣኑን ይዞ ይወጣል። ማለፊያ ነው፤ ስለት የገባ ሰው ያስገባ። አንድ ዓመት ግን በዚያው ሰሞን አንድ ግንበኛ ሽማግሌ ጠይቆ መጣ። ሰኔ ላይ ለአንድ ባለቤት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎችን ለስኖ ጨርሷል። 8,000 ብር ቀሪ አለው። ክረምቱን ሙሉ «ዛሬ ነገ» ሲባል ቆይቶ፣ አሁን ደግሞ «ከግሸን ስመለስ» ተብሏል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ምዝገባ እየተዘጋ ነው።

ባለቤቱ ቤት ሄደን ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። ሰውዬው ስለ ልስኑ ሂሳብ ከማንሳቱ በፊት ወደ ጓዳ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ፈትቶ ዘረጋው። ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ነው፤ ዙሪያው በወርቃማ ዘርፍ ተከቧል፤ የእመቤታችን ሥዕል ተጠልፎበታል። ዋጋውንም ነገረን፤ ከግንበኛው ቀሪ ሂሳብ ይበልጣል። ሲነግረን አላፈረም፤ እንዲያውም እንድንመርቀው ነበር የሚጠብቀው። ግንበኛው በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አለ። አቀርቅሮ «እኔ ከእመቤቴ ጋር አልካሰስም፤ ይውሰደው» አለ።

ከመካከላችን አንድ ቄስ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። «ልጄ፣» አሉት ባለቤቱን፣ «ይህ ጃንጥላ የተገዛው በዚህ ሰው ገንዘብ ነው። እንግዲያው ስለቱ የእሱ ነው። ግሸን ስትደርስ ስሙን ጠይቀህ በስሙ አስገባ።»

ሰውዬው በማግሥቱ ጠዋት ከፈለ። ተቆጥቶ ነው የከፈለው፤ እኔን እስከ ዛሬ ደህና አድርጎ ሰላም አይለኝም። ግድ የለኝም።

ወገኖቼ፣ ይኼ ነገር የተሰወረ ሕግ አይደለም። ዘዳግም 24 የድሃውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ እርሻውን ያጨዱት ሠራተኞች የተቀሙት ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ስለት የሚቀበል አምላክ ያንንም ይሰማል። ደግሞ «ያዝኩበት እንጂ መቼ ከለከልኩት» የምትሉ አላችሁ። የቀን ሠራተኛ ሲያዝበት በዚያች ማታ ባለሱቁ ዱቤ ይከለክለዋል፤ የቤት ኪራይ ይደርስበታል። እናንተ ሦስት ወር ያቆያችሁት ብር እሱ ቤት ሦስት ወር ረሃብ ሆኖ ነው የሚቆየው።

የቤት ሠራተኛም አለች። «ደሞዝሽ እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብላ ዓመት ታገለግላለች፤ ልትሄድ ስትል የተሰበረ ብርጭቆ ይቆጠርባታል፣ የተቃጠለ ድስት ይቆጠርባታል። እሑድ እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ስንወጣ እሷ ከቅዳሴ ስንመለስ የምንበላውን ታዘጋጃለች። እሷም ክርስቲያን ናት እኮ! ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ኪዳን ያልደረሰች ልጅ ቤታችን አስቀምጠን፣ ስለ ቅዳሴ ጥቅም ጽዋ ማኅበር ላይ እንናገራለን። በፈረቃ መሄድ ይቻላል። ለእሷ የጠዋቱን፣ ለእናንተ ቀን የሚገባውን፤ ዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ በአዘቦቱ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ነውና ሰበብም አይኖርም።

ጾምን ማዕድ ቤት ውስጥ መጨረስ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርቡን፣ ነቢያቱን፣ ፍልሰታውን ስንደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል እንጾማለን። ይህን ሁሉ ጾመን ጠባያችን ካልተነካ የሆነ ቦታ ስተናል ማለት ነው። የማውቃቸው የሱቅ ሠራተኞች አለቃቸው ጾም ሲይዝ ይጨነቃሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያናግረው የለም። ኢሳይያስ 58ን አንብቡት፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ይላል።

በመላእክት ስም መነገድ

ሰኞ ገበያ ቅቤ ስትገዙ የምትሰሙትን ታውቃላችሁ። «ሚካኤልን! ራሴ የገዛሁበት ነው።» «ማርያምን ከዚህ በታች አይሸጥም!» ሁለት እርምጃ ራቅ ስትሉ ዋጋው ይወርዳል። አንዳንዱ ክርስቲያን ደግሞ «ወላሂ» ብሎ ይምላል፤ በጎረቤቱ ሃይማኖት የተማለ መሐላ ለእሱ የማይቆጠርበት ይመስለዋል። ጌታ «ከቶ አትማሉ» ብሏል። አዎን ወይም አይደለም በሉ። አትራፊ ሁኑ፣ አልከለከልኩም፤ ቅዱስ ሚካኤልን ግን ለቅቤ ምስክር አትጥሩት።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱት ሚኒባሶችም ከዚሁ ይገባሉ። መስታወቱ ላይ ጊዮርጊስ ተለጥፏል፤ መዝሙሩ ሐረጎን እስክንወርድ ይንቆረቆራል፤ ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ይጨምርና መልሱን ረስቶ ይወርዳል። መዝሙሩን ዝቅ፣ መልሱን ሙሉ ብታደርጉልን እንመርቃችኋለን።

ጾመኛ ሆኖ ጎረቤትን መናቅ

ይህ በወጣቶቹ ላይ የመጣ አዲስ በሽታ ነው፤ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ፤ ከስልካቸው ነው። ሃይማኖት መጽናት ማለት የሙስሊም ጎረቤትን ፊት መንሳት መስሏቸዋል። አንዱ ተማሪዬ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ሲሞቱ «ለቅሶ መድረስ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውዬው እሱን በአንቀልባው ዘመን አቅፈው ያሳደጉ ናቸው! «ተነሥ፣ ሂድ፣ ድንኳን ትከል» አልኩት። ሄደ፤ ደግነቱ ልጁ ልቡ ክፉ አይደለም።

ወሎ ውስጥ ይህን የሚያስተምረን ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው በየቤቱ አለ። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱም ሳህኑም ለብቻ ነው። ኢድ ቀን ስንሄድ ደግሞ እነሱ ሳንነግራቸው ቡናውንና ዳቦውን ያቀርቡልናል። ማንም እምነቱን አልተወም፤ ማንም አልተዋረደም። ስህተቱ አለመብላቱ አይደለም፤ «የእናንተን አልነካም» ብሎ በሰው ቤት አፍንጫ መንፋቱ ነው። ጌታ «ባልንጀራዬ ማን ነው» ሲባል ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ሳምራዊውን ነበር፤ በዚያ ዘመን አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም።

አለመታረቅ

ስቅለት ቀን ጎን ለጎን ሲሰግዱ የዋሉ ወንድማማቾች ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ለአባታቸው ቤት ፍርድ ቤት ይቀጣጠራሉ። ማቴዎስ 5፥23 እና 24ን ለእነሱ ማንበብ ሰልችቶኛል፤ ራሳቸው ያንብቡት።

የሰውን ዕቃ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ሰው ቤቱን ቆልፎ ሸሸ። ሲመለስ ቁልፉ እንጂ ዕቃው አልጠበቀውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ብዙ ነገር በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ። ሻጩ «የራሴ ነው፣ ቸግሮኝ ነው» ይላል፤ ገዢውም እንዳይሰማ ሁለተኛ አይጠይቅም። እኔ በዚያ ወቅት የተቸገረን ሰው አልፈርድበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን መነገር አለበት።

አንዲት እናት የስፌት መኪና በግማሽ ዋጋ ገዝታ ሁለት ዓመት ሰፋችበት። ሲከነክናት ለንስሐ አባቷ ነገረችና «ያተረፍኩትን ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ?» አለች። ያሏትን ራሷ ነግራናለች፤ «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አልወሰድሽም፤ የወሰድሽውን ለባለቤቱ መልሺ፤ ስጦታ ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» ተናድዳ ነበር የመጣችው። ብሩን ተቀብለው ቢፈቷት ትወድ ነበር።

ግን ፈለገች። ሰፊዎቹን በየበረንዳው ጠየቀች። የመኪናው ጠረጴዛ በስተግራ በካውያ የተቃጠለ ቦታ አለው፤ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ያንን ምልክት እየተናገረች ዞረች። የመኪናው ባለቤት ፒያሳ አካባቢ ትሰፋ የነበረች ሴት ሆና ተገኘች፤ አሁን በኪራይ መኪና ነው የምትሠራው። ምልክቱን ስትሰማ «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለች። መኪናው ተመለሰ። ሁለቱም አልተቃቀፉም፤ የመኪናው ባለቤት «ሁለት ዓመት ሙሉ» ብላ አለቀሰች፤ ሌላዋ ዝም ብላ ቆመች። እርቅ በየቦታው እንደሚሳለው ጣፋጭ አይደለም።

ዘኬዎስን አስቡ። ግማሹን ለድሆች እሰጣለሁ አለ፤ እዚያ ላይ ግን አላቆመም። የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንዱ በሌላው አልተተካለትም። ባለቤቱ ከነወራሹ ከጠፋ ለድሃ ይሰጣል፤ ያም ከልብ ተፈልጎ ሲታጣ ነው፤ ለመፈለግ ስለሚያሳፍር አይደለም።

ለንስሐ አባት የባልን ኃጢአት መናገር

ካህናቱ ማን ምን እንዳለ አይነግሩንም፤ በጥቅሉ ግን በትምህርታቸው ላይ ያማርራሉ። ሴቷ የባሏን፣ ባልየው የሚስቱን፣ ሁለቱም የአማታቸውን ኃጢአት ዘርዝረው ይነሣሉ። በራስህ ጀምር። ሰላሳ ስግደት አበዙብኝ ብሎ ቀለል የሚያደርግ ንስሐ አባት የሚያፈላልግም አለ፤ ያ ሰው ንስሐውን ትቶ ዋጋ እየተከራከረ ነው።

«ሳረጅ እቆርባለሁ»

ወጣቶች፣ ይኼ የእናንተ ነው። ሕፃናት ይቆርባሉ፤ ሽማግሌና ባልቴት ይቆርባሉ፤ መሐል ያለነው ነጠላ ለብሰን ከኋላ ቆመን እናያለን። ምክንያቱን ስጠይቅ «ገና ወጣት ነኝ፣ አልችለውም» ትሉኛላችሁ። ስትተረጎም «የማልተወው ነገር አለኝ» ማለት ናት፤ አውቃታለሁ። አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይጋቡ አብረው መኖር ነው፤ ለዚህ መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ካህን አማክሩና በቁርባን ተጋቡ፤ ድግስ ግዴታ አይደለም። አንዳንዱ ጫት ነው፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰውም ይፈልጋል፤ ብቻችሁን አትሞክሩት። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይደለም፤ ማፈር ብቻ ነው፤ «እሱ ደግሞ ቆራቢ ሆነ» መባልን መፍራት።

ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ይጾማል። ንስሐ መግባት አለ፤ ቀኖናውን መፈጸም አለ፤ ከተጣሉት ጋር መታረቅና ያለባችሁን ዕዳ መክፈልም አለ። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁሉም ይጠይቀኛል። ስለ ዕዳው የጠየቀኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ብቻ ነው፤ የጓደኛውን ጎማ ተበድሮ ኖሯል። ቅዳሜ መልሶ እሑድ ቆረበ።