የሁለት ትንንሽ ደሴት አገሮችን ኢኮኖሚ ማወዳደሪያ መንገድ፦ ሞሪሸስና ሲሼልስ

«ሁለት አገር አወዳድሩ» የሚል የቤት ሥራ የደረሰው ተማሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚይዘው የጠቅላላ አገራዊ ምርትን ቁጥር ነው። በ2019 (እንደ ፈረንጆች፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ከዚህ በታችም እንዲሁ) የሞሪሸስ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የሲሼልስ ሁለት ቢሊዮን አይሞላም። «ሞሪሸስ ከሰባት እጥፍ በላይ ትበልጣለች» ተብሎ ይጻፍና ሥራው አለቀ ይባላል። ይህ ግን የመንዙንና የምንጃሩን ገበሬ በማሳ ስፋት ብቻ ከማወዳደር አይለይም። አንዱ በጉን፣ ሌላው ጤፉን ይዞ ገበያ እንደሚወጣ፣ ክፉ ዓመት ሲመጣም ሁለቱ በተለያየ መንገድ እንደሚጎዱ ስፋቱ አይናገርም።

ትንሽ ደሴት ነዳጁን፣ ዱቄቱን፣ ሲሚንቶውን፣ መለዋወጫውን ከውጭ ትገዛለች። ስለዚህ የማወዳደሩ ሥራ በሦስት ጥያቄ ይጀመር፦ ዶላሩ ከየት ይገባል? በየት ይወጣል? የሚገባበት በር አንድ ቀን ቢዘጋስ? ሠንጠረዡም፣ ስሌቱም፣ ጽሑፉም እነዚህን እንዲመልስ ተደርጎ ይሠራ።

ጥንዱን መምረጥ

ጥሩ ጥንድ ማለት ብዙ ነገሩ ተመሳሳይ ሆኖ አንድ ሁለት ነገሩ የሚለይ ነው። ሞሪሸስና ሲሼልስ ሁለቱም በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉ፣ ሁለቱም መጀመሪያ በፈረንሳይ ኋላም በእንግሊዝ የተገዙ ናቸው። እንዲያውም ሲሼልስ እስከ 1903 ድረስ የምትተዳደረው ከሞሪሸስ ነበር። ሞሪሸስ መጋቢት 1968፣ ሲሼልስ ሰኔ 1976 (እንደ ፈረንጆች) ነፃ ወጡ። ታሪካቸው እንዲህ ከተቀራረበ ልዩነታቸውን በቅኝ ገዥው ማሳበብ አይቻልም፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል። ሲንጋፖርን ከቱቫሉ ጋር ብታስቀምጡ ግን ሁሉም ነገር ስለሚለያይ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

መጠናቸውንም በዓይነ ልቡና መያዝ ይጠቅማል። ሞሪሸስ ወደ 2,040 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ሲሼልስ በ115 ደሴቶች ላይ ተበታትና ወደ 455 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት፤ ሁለቱ ተደምረው የሰሜን ሸዋ ዞንን ሩብ አያህሉም። በሕዝብም ሞሪሸስ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ስትሆን ሲሼልስ በ2019 መቶ ሺህ እንኳ አልሞላችም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ሕዝብ ብቻውን ከዚህ ይበልጥ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ በሆነ አገር አንድ አዲስ ሆቴል ሲከፈት ወይም አየር መንገዱ አንድ አውሮፕላን ሲገዛ የዓመቱ ቁጥር ይናወጣል። የአንድ ዓመት የገቢ ንግድ ድንገት ሲዘል አይታችሁ «ሕዝቡ መሸመት አበዛ» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ።

ሠንጠረዡን ማዘጋጀት

አራት ዓምድ ይበቃል፦ መለኪያው፣ ሞሪሸስ፣ ሲሼልስ፣ አራተኛው ደግሞ ምንጩ ከነመለኪያ ክፍሉ። ብዙ ሰው አራተኛውን ይዘልለውና ከሳምንት በኋላ «ይህ ሚሊዮን ዶላር ነው ሚሊዮን ሩፒ?» እያለ ይቸገራል። ሩፒ ሲባል ደግሞ የሁለቱም አገር ገንዘብ ስሙ ሩፒ ነው እንጂ ገንዘቡ አንድ አይደለም። በ2019 አንድ ዶላር በሞሪሸስ 35 ሩፒ ገደማ፣ በሲሼልስ ግን 14 ገደማ ነበር። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን ሩፒ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚደምር ሠንጠረዥ ሲያጋጥም አይገርምም።

ከላይ ወደ ታች የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ የሕዝብ ብዛት፣ ጠቅላላ ምርት በዶላር፣ የዋጋ ንረት የተቀነሰለት ዕድገት በመቶኛ፣ የዕቃ ወጪ ንግድ፣ የአገልግሎት ወጪ ንግድ፣ ገቢ ንግድ፣ የቱሪስት ቁጥር፣ የመንግሥት ዕዳ ከምርት አንጻር፣ የዓመቱ አማካይ የምንዛሬ ተመን። ዓመቱን አንድ ብቻ አታድርጉ። ለእነዚህ ሁለት አገሮች 2007፣ 2009፣ 2019፣ 2020 እና 2022 ቢያዙ በቂ ነው፤ የመጨረሻው ማገገሙን ለማየት ነው፤ የሌሎቹ ምክንያት ወደ ታች ግልጽ ይሆናል።

ምንጩን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ምንጭ አይቀላቀልም። የሞሪሸስን ዕድገት ከዓለም ባንክ፣ የሲሼልስን ከአገሯ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከወሰዳችሁ ያነጻጸራችሁት የስሌት ዘዴዎችን እንጂ አገሮችን አይደለም። የዓለም ባንክ የመረጃ ገጽ ሁሉንም ዓመት በአንድ ኤክሴል ፋይል ያወርዳል። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ሙሉውን አውርዶ በፍላሽ መያዝ በየቁጥሩ ኢንተርኔት ከመክፈት ይሻላል።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው። እነሱ 2019 የሚሉት ዓመት በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2011 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ያለው ነው። ስለዚህ ስምንት ቀንሶ «2011» ብሎ መጻፍ ዓመቱን በከፊል ብቻ ይይዛል። በሠንጠረዡ ውስጥ የፈረንጁን ዓመት እንዳለ ተዉት፤ ራስጌው ላይ «እ.ኤ.አ.» ማለት ይበቃል። የሞሪሸስ መንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ሲሆን የሲሼልስ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የዕዳና የበጀት ቁጥር ስትወስዱ ይህን ካላያችሁ የስድስት ወር ፈቀቅታ ይገባባችኋል። ወደ ብር መቀየሩንም ተዉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ እንዲተመን ስለተደረገ በብር የተሠራ ሠንጠረዥ የሞሪሸስን ሳይሆን የብርን ታሪክ ያሳያል።

ነፍስ ወከፉ የሚደብቀው

ስሌቱ ቀላል ነው። 14 ቢሊዮን ለ1.27 ሚሊዮን ሲካፈል 11,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሲሼልስ ጠቅላላ ምርት እንደ እትሙ (ቁጥሩ በየጊዜው ይታረማል) ከ1.7 እስከ 1.9 ቢሊዮን ስለሚለያይ፣ ለ97,600 ሰው ሲካፈል ከ17,400 እስከ 19,500 ዶላር ይደርሳል። ትንሿ በልጣ ተገኘች ማለት ነው። የዓለም ባንክም ሲሼልስን ከ2015 ጀምሮ ከከፍተኛ ገቢ አገሮች ተርታ አስቀምጧታል፤ ሞሪሸስ በሐምሌ 2020 ገብታ በዓመቱ ወጥታለች።

«ስለዚህ የሲሼልስ ሰው ይበልጥ ሀብታም ነው» ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ሲሼልስ ውስጥ ኑሮ ውድ ነው፤ የሚበላው አብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነውና። ስለዚህ በመግዛት አቅም የተስተካከለውን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ በደሴቱ ላይ የተመረተው ሁሉ በደሴቱ ኪስ አይቀርም፤ የሆቴሉ ባለቤት የውጭ ኩባንያ ከሆነ ትርፉ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ለዚህ የሚረዳው ወደ ውጭ ባለቤቶች የሚሄደውን ገቢ ቀንሶ፣ ከውጭ የሚመጣውን ደምሮ የሚሰላው ጥቅል አገራዊ ገቢ የሚባለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በሰፊው ከተራራቁ ልዩነቱ ራሱ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል።

ዶላሩ የሚገባበት በር

ጊዜያችሁን አብዝታችሁ የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን።

ሞሪሸስ ነፃ ስትወጣ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነበራት ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጄምስ ሚድ በ1961 ባቀረበው ጥናት ሕዝቡ እየበዛ ስኳር ብቻ ይዞ የትም እንደማይደርስ አስጠንቅቆ ነበር። ኋላ ኖቤል ያገኘ ሰው ነው፤ ትንበያው ግን አልሠመረም። በ1970 ለወጪ ንግድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ከቀረጥና ከግብር የሚያቃልል ሕግ ወጣ፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በዚያ በኩል ገቡ። የደብረ ብርሃኑ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመበት ሐሳብም የዚሁ ዘመድ ነው። በ1975ቱ የሎሜ ስምምነት ደግሞ አውሮፓ በየዓመቱ ወደ 490 ሺህ ቶን የሚጠጋ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከዓለም ገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ይገዛት ጀመር። ያ ትርፍ ወደ ሆቴልና ወደ ፋብሪካ ዞረ። ቀጥሎ ቱሪዝም፣ ከዚያም የባንክና የፋይናንስ አገልግሎት ተጨመሩ። ትልልቅ አምራች አገሮች የሚልኩትን ልብስ ይገድብ የነበረው የጨርቃጨርቅ ኮታ በ2005 መጀመሪያ ሲነሣ፣ አውሮፓም ከ2006 ጀምሮ የስኳሩን ዋጋ በ36 በመቶ ሲቀንስ አገሪቱ ተጎዳች፤ ግን ሌሎች በሮች ስለነበሯት አልወደቀችም።

ሲሼልስ ሌላ ናት። በዋናዋ ደሴት በማሄ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ እስከተከፈተበት እስከ 1971 ድረስ የምትሸጠው የደረቀ ኮኮናትና ቀረፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱሪዝምና ቱና የሚባለው ዓሣ ናቸው። በቪክቶሪያ ወደብ ያለው የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ የዕቃ ወጪ ንግዷ ምሰሶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ዓሣውን የሚይዙት በአብዛኛው የስፔንና የፈረንሳይ መርከቦች ናቸው። ስለዚህ የታሸገው ቱና ሙሉ ዋጋው የሲሼልስ ገቢ አይደለም፤ ጥሬ ዓሣው፣ ቆርቆሮውና ዘይቱ የሚገዛ ነው። ለመርከብና ለአውሮፕላን የሚሸጠው ነዳጅም በወጪ ንግድ ይመዘገባል፤ ነገር ግን ከውጭ ገብቶ መልሶ የወጣ ነው። መልሶ የሚላከውን ለይታችሁ ካልቀነሳችሁ ደሴቲቱ ነዳጅ አምራች ልትመስል ትችላለች።

በሞሪሸስ በኩል ያለው ተመሳሳይ ወጥመድ የውጭ ኢንቨስትመንት ነው። ከሕንድ ጋር በነበራት የግብር ስምምነት ምክንያት፣ ውሉ በ2016 እስኪሻሻል ድረስ፣ ወደ ሕንድ የሚሄድ እጅግ ብዙ ገንዘብ ዋና ከተማዋን ፖርት ሉዊስን ረግጦ ያልፍ ነበር። ያልፍ ነበር እንጂ አይቀመጥም ነበር። ስለዚህ የሞሪሸስን የውጭ ኢንቨስትመንት ቁጥር ስታዩ ገንዘብ እንዲህ የሚያሳልፉት ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የተካተቱበትን ከተቀነሱበት ለዩ።

ጥገኝነትን በአንድ ቁጥር ማሳየት ከፈለጋችሁ የቱሪስቱን ቁጥር ለነዋሪው አካፍሉ። በ2019 ሞሪሸስ 1.38 ሚሊዮን፣ ሲሼልስ 384 ሺህ ጎብኚ ተቀብለዋል። ለሞሪሸስ በአንድ ነዋሪ 1.1፣ ለሲሼልስ 3.9 ይወጣል። ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይህ ይበልጥ ይናገራል።

የበልግ ፈተና

በመንዝና በጣርማ በር ደጋ የቤተሰብን አቅም የሚለየው ደህናው ዓመት ሳይሆን በልጉ የቀረበት ዓመት ነው። ለአገርም እንዲሁ አድርጉ፤ በሩ የተዘጋበትን ዓመት ፈልጉ። ለእነዚህ ደሴቶች ያ ዓመት 2020 ነው።

ጎብኚው በሲሼልስ 70 በመቶ፣ በሞሪሸስ 78 በመቶ ቀነሰ። በቱሪስት ጥገኝነት ብቻ ቢሆን ሲሼልስ ይበልጥ መውደቅ ነበረባት። የሞሪሸስ ምርት ግን በ15 በመቶ ገደማ ሲወርድ የሲሼልስ እንደ እትሙ ከ8 እስከ 12 በመቶ ወረደ። አንዱ ምክንያት ቱናው ነው፤ መያዙም መታሸጉም አልቆመም። የድንበር ፖሊሲ ልዩነት ደግሞ በ2021 ይታያል፦ ሲሼልስ በመጋቢት በሯን ስትከፍት ሞሪሸስ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በዚያ ዓመት ትንሿ 182 ሺህ፣ ትልቋ 180 ሺህ ገደማ ጎብኚ አስተናገዱ። ስለዚህ ቁጥሩ የፖሊሲ ውሳኔንም ያሳያል፤ ሁሉን በተፈጥሮ ጥገኝነት አትተርጉሙት።

እዚሁ ላይ የምንዛሬ ተመን ያሳስታል። የሲሼልስ ሩፒ በ2020 ከ14 ተነሥቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ20 በላይ ደረሰ፤ በ2021 ተመልሶ ጠነከረ። በዶላር ብቻ ያየ ሰው ኢኮኖሚው ከእውነተኛው በእጅጉ የበለጠ የወደቀ፣ ከዚያም በተአምር የተነሣ ይመስለዋል። ውድቀትንና ማገገምን ለመለካት ሁልጊዜ የዋጋ ለውጥ የተቀነሰለትን ዕድገት ተጠቀሙ፤ ዶላሩ ለመጠን ማነጻጸሪያ ብቻ ይሁን።

ዕዳው

2007ንና 2009ን የያዝነው ለዚህ ነው። ሲሼልስ ሩፒዋን ለዓመታት በሰው ሠራሽ ተመን ይዛ ቆይታ ነበር፤ ከመልቀቋ በፊት ተመኑ በዶላር 8 አካባቢ ነበር። በ2008 ነዳጅና እህል ሲወደድ መጠባበቂያዋ ተሟጠጠ፤ በጥቅምት የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንዷን ክፍያ ሳትከፍል ቀረች። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምታ በኅዳር ሩፒውን ለገበያ ለቀቀች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ16 ሩፒ በላይ ሆነ። የፓሪስ ክለብ የሚባሉት አበዳሪ መንግሥታት በ2009 ዕዳዋን በ45 በመቶ ሊቀንሱላት ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በጀቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች፤ በ2018ም በዓለም የመጀመሪያውን የመንግሥት ሰማያዊ ቦንድ፣ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ ለባሕር ጥበቃና ለዓሣ ሀብት ሸጣለች።

ሞሪሸስ ክፍያ አላቋረጠችም፤ ይሁንና ከ2020 በኋላ ዕዳዋ ከምርቷ 80 በመቶ በላይ ወጥቷል። የዕዳውን ዓምድ ብቻ ካያችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያመልጣችኋል፦ በ2020 ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት 60 ቢሊዮን ሩፒ ሰጥቷል። ስጦታ ስለሆነ በዕዳ አይመዘገብም፤ በሩፒው አቅም ላይ ግን ጫናው ይታያል።

ሲጻፍ

እያንዳንዱ አንቀጽ ሁለቱንም አገር ይያዝ። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሞሪሸስ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሲሼልስ ከጻፋችሁ ሁለት መግለጫ እንጂ ንጽጽር አይደለም። «ይበልጣል» የሚል ቃል በተጻፈበት ሁሉ በምን፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ አጠገቡ ይኑር። አውሎ ነፋስንም አትርሱ፦ ሞሪሸስ በመንገዱ ላይ ናት፤ የሲሼልስ ዋና ደሴቶች ግን ለምድር ወገብ ስለሚቀርቡ ከመንገዱ ውጭ ናቸው። ይህ በመድን ክፍያም በአገዳ ምርትም ይገለጣል።

በሠንጠረዡ ግርጌ ፋይሉን ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ሁለቱም አገሮች የድሮ ቁጥራቸውን ወደ ኋላ ተመልሰው ያስተካክላሉ፤ የሲሼልስ የ2019 ምርት ከ1.7 ወደ 1.9 የተጠጋው በዚህ መንገድ ነው። መምህሩ ሌላ ቁጥር ይዘው ቢመጡ፣ ከሁለታችሁ ማን እንደተሳሳተ ሳይሆን ማን የትኛውን እትም እንደያዘ የሚለየው ያ ቀን ነው።