ሽርክናው በአቋም ልዩነት ሲፈርስ

አንዱ «ያለ ደረሰኝ እንሽጥ» ይላል፤ ሌላው «እኔ የለሁበትም»። እዚህ ከደረሳችሁ ክርክሩን አታርዝሙት፤ በስልክ ጭቅጭቅ አቋሙን የሚቀይር የለም። በሁለት መስመር ጻፉለት፦ «ያለ ደረሰኝ መሥራት አልችልም። ከሰኔ 30 በኋላ አልቀጥልም።» «አጭበርባሪ» የምትለዋ ቃል ትቅር፤ ስክሪንሾት ሆና ትዞራለች።

ከዚያ ወደ ብሩ። ቀብድ የከፈለውን ደንበኛ ሥራ ማን ይጨርሳል? የባንኩ ፊርማ፣ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የሱቁ ቁልፍስ? ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ ደግሞ ቀልድ የለም፦ ለማኅበሩ ዕዳ እያንዳንዱ ሸሪክ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። መውጣታችሁን ንግድ መዝገብ ላይ አስመዝግቡ።

ካልተግባባችሁ ሽማግሌ አስገቡ፤ ግን ሒሳቡን ይዩላችሁ እንጂ ማን ጨዋ እንደሆነ አይፍረዱ። ደንበኛ «ምን ሆናችሁ?» ካለ፣ «በአሠራር አልተስማማንም» ይበቃዋል።