ለፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ አዲስ ድራመር እንዴት ይመረጣል?

ፕሮግረሲቭ ሜታል (የምት ልኬቱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከባድ የሮክ ሙዚቃ) የሚጫወትና ድራመሩ የለቀቀበት ባንድ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት አንድ አሰልቺ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የራሱን ዘፈኖች መቁጠር ነው። ጊታር ተጫዋቹ በ7/4 (በዙር ሰባት ምት) የሚቆጥረውን ሐረግ ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ባር (የምት ዙር) 4/4፣ አንድ ባር 3/4 አድርጎ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ድራመር ሁለቱን ሲያስታርቅ ስለኖረ ልዩነቱን ማንም ልብ ላይለው ይችላል። ስለዚህ ለየዘፈኑ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል፣ የባሮቹን ብዛት፣ የምት ልኬቱንና ፍጥነቱን የያዘ አንድ ገጽ ይዘጋጅ። ከገጹም ጋር ከበሮ የሌለበት፣ ሜትሮኖም (ፍጥነት የሚጠብቅ ምት የሚያሰማ መሣሪያ) የሚሰማበት ቅጂ ይቀረጽ።

ሰው መፈለጉ ራሱ የሚታሰበውን ያህል አያስቸግርም። የከበሮ መምህራንን፣ የሌሎች ባንዶች አባላትንና በተለይ የቀረጻ ባለሙያዎችን መጠየቅ ይበቃል፤ የማን አጨዋወት ሳይታረም እንደሚወጣ ከቀረጻ ባለሙያ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በማስታወቂያው ላይ የምንወዳቸውን ባንዶች ከመደርደር ይልቅ በሳምንት ስንት ቀን እንደምንለማመድና ክፍያ መኖር አለመኖሩን መጻፍ ይጠቅማል።

ቪዲዮ አይቶ መወሰን ግን አይገባም፤ ይህንን የምለው ተቃጥዬበት ነው። በአንድ ወቅት እግሩ እንደ መትረየስ የሚተኮስ ወጣት በቪዲዮ ብቻ መርጠን፣ የሙከራ ልምምድ ሳናደርግ ተቀበልነው። ከሦስት ወር በኋላ ቪዲዮው ቁርጥራጩ ተለቅሞ፣ ምቱም በኮምፒውተር ተስተካክሎ የተሠራ መሆኑን ተረዳን፤ በ7/8 የሚሄደው ክፍላችን ላይ ዘፋኙ በገባ ቁጥር ሰባቱ ምት ስምንት ይሆንበት ነበር። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ እኛም አልፈተንነውም።

ዋናው ነገር እንግዲህ ፈተናው ነው። ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ዘፈኖች ለእጩው ይላኩለት፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ የምት ልኬቱ የሚለዋወጥ፣ አንዱም ቀርፋፋ ይሁን። ብዙ ባንዶች ቀርፋፋውን ይተዉታል፤ እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ መስማት ቢፈቀድልኝ የምመርጠው እሱን ነው፤ በዝግታ መካከል የሚቻኮል እጅ መደበቂያ የለውምና። ከዚያም ሰምቶት የማያውቅ ሪፍ (የሚመላለስ አጭር የጊታር ሐረግ) ይሰጠው። የአሜሪካው ፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ ድሪም ቲያትር በ2010 እ.ኤ.አ. ድራመሩ ማይክ ፖርትኖይ ሲለቅ ሰባት ድራመሮችን የፈተነው በዚሁ መንገድ ነበር፤ የተዘጋጁበትን ዘፈን አስመታቸው፣ አብሯቸው ያለ ዝግጅት ተጫወተ፣ አዳዲስ ሪፎችንም እዚያው ሰጣቸው፤ በመጨረሻም ማይክ ማንጂኒን መረጠ። ሰባት ሰው መሰብሰብ ለማይችል ባንድ ሦስት በቂ ነው።

ለአዲሱ ሪፍ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ጊታሩ በ7/8 እየተመላለሰ እጩው በ4/4 ይምታ፣ ስኔሩንም (ሹል ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ያሳርፍ። ሁለቱ እኩል ጀምረው ይለያያሉ፤ ከ56 ስምንተኛ ኖታ (በ4/4 የአንድ ምት ግማሽ) በኋላ፣ ማለትም ጊታሩ 8 ባር፣ ከበሮው 7 ባር ሲጨርሱ፣ እንደገና በአንድነት ይገናኛሉ። ደካማው ድራመር መሀል ላይ ጊታሩን ማሳደድ ይጀምራል፤ የሚፈለገው ሰው ግን የራሱን ምት ይዞ፣ ጊታሩንም እየሰማ መገናኛው ላይ ይደርሳል። ይህ ካለፈ ሜትሮኖሙን ለአራት ባር አሰምቶ ለአራት ባር ማጥፋት ነው፤ ድምፁ ሲመለስ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መገኘቱ ያኔ ይታወቃል። ትንሽ መሳሳት ምንም አይደለም፤ መሳሳቱን ሰምቶ ሳይደናገጥ መመለሱ ግን ወሳኝ ነው።

በፈተናው ላይ ትሪገር (የከበሮውን ምት ተቀብሎ በተቀዳ ድምፅ የሚተካ መሣሪያ) እንዳይጠቀም እመክራለሁ። ትሪገር ጠንካራውንና ደካማውን ምት አንድ ሊያደርገው ስለሚችል የሁለቱ እግሮች ልዩነት ይሸፈናል። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን አሥራ ስድስተኛ ኖታ (የአንድ ምት ሩብ) መምታት በሰከንድ 12 ምት ማለት ነው፤ ይህን በጆሮ መለየት ስለሚያስቸግር ስልክ ቤዝ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) አጠገብ አስቀምጦ መቅዳትና በኋላ በግማሽ ፍጥነት ማዳመጥ ይሻላል። ፔዳሉንና ስኔሩን የራሱን ይዞ ይምጣ።

ከመለያየታችሁ በፊት አንድ ክፍል ላይ የሚመታውን ምት ብዛት በግማሽ እንዲቀንስ ጠይቁት። ምክንያቱን ጠይቆ የሚሞክር ሰው ለሥራ ይመቻል፤ እያጉረመረመ የሚመታው ግን ዘፈን በምትሠሩበት ጊዜም እንደዚያው ነው።

የተመረጠው ሰው ለሦስት ወር በሙከራ ይቆይ፤ በጋራ የሚሠሩ ዘፈኖች ባለቤትነትና የገቢ ክፍፍል ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። ሁለተኛ ለወጣውም እጩ በዚያው ሳምንት መልስ ይሰጠውና ከዘፈኖቹ ገጾች ጋር ቅጂዎቹን እንዲያስቀምጣቸው ይጠየቅ፤ የተመረጠው በመድረክ ዋዜማ ቢታመም የሚደወለው ለእሱ ነው።