ለድሬና ለሐረር የከፍታ ዳታ ለምታወርዱ፦ «12.5 ሜትር» አያታልላችሁ

የደቻቱን (የድሬዳዋውን ወንዝ) ጎርፍ ካርታ የምትሠሩ ልጆች ስለበዛችሁ ሳትጠይቁኝ ልናገር። ከአሎስ ፓልሳር (ከጃፓኑ ሳተላይት የራዳር ምስል) ጋር የሚወርደው «12.5 ሜትር» (የአንዱ ፒክስል ስፋት) የከፍታ ፋይል የሳተላይቱ የራሱ ልኬት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ከመንኮራኩር ላይ የተለካው ኤስአርቲኤም የተባለው የ30 ሜትር የከፍታ ዳታ ነው፤ ፒክስሉ ተከታትፎ ነው እንጂ አዲስ ነገር የለውም። እኔም አንድ ሰሞን ኮንቱር (የእኩል ከፍታ መስመር) አውጥቼበት ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ይልቅ ኮፐርኒከስ 30 ሜትር የተባለውን የአውሮፓ የከፍታ ዳታ ውሰዱ። ኦፕንቶፖግራፊ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት ከፍታችሁ ቦታውን በሳጥን ከከለላችሁ ጂኦቲፉ (የካርታ ምስል ፋይሉ) ይመጣል። መሠረቱ ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ የራዳር ልኬት ነው። ግን ዛፍና ጣሪያም አብሮ ይለካል፤ የድሬው የከዚራ ሰፈር ጎዳና ጉብታ ሆኖ ቢታያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፋይሉ በዲግሪ (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ነው የሚመጣው። ኪውጂስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ ወደ ሜትር ሳትቀይሩ ስሎፕ (ተዳፋት) ካሰላችሁ የሳቢያን ሰፈር ሜዳው ሁሉ ገደል ይሆንባችኋል። ስትቀይሩም ተጠንቀቁ፦ ድሬ ከ42 ዲግሪ ምሥራቅ ወዲህ ስለሆነች ዩቲኤም በሚባለው በሜትር የሚለካ የካርታ አከፋፈል ዞን 37 ናት፣ ሐረር ደግሞ ወዲያ ማዶ ዞን 38 ውስጥ ናት። ሁለቱን አንድ ካርታ ላይ ካወጣችሁ ሁሉንም በ37 ጨርሱት፤ ሐረር ከድንበሩ ብዙም ስላልራቀች ልዩነቱ ለዚህ ሥራ አያሳስብም።

የደቻቱን ዳርቻ ግንብ ወይም የድልድዩን ከፍታ ለማየት ከሆነ ግን 30 ሜትር አይረዳችሁም፤ ያ የድሮን ወይም የቶታል ስቴሽን (የቀያሽ መሣሪያ) ሥራ ነው።