ምድጃው ጠፋ እንጂ አልበረደም፦ ሸክላ ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

እሳቱ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ብዙ ዕቃ የሚሰነጠቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እጅም የሚቃጠለው ያኔ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጀበናና ስኒ በኤሌክትሪክ ወይም በጡብ ምድጃ ለምታቃጥሉ፣ እነዚህን ስህተቶች ቀድማችሁ እወቋቸው።

"ትንሽ ብቻ ልይ" ብሎ መክፈት። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ሸክላ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ። ሙቀቱ ወርዶ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ኳርትዙ ድንገት ይኮማተራል። ዕቃው እኩል ከቀዘቀዘ ችግር የለም። ክዳኑ ከተከፈተ ግን የጀበናው አንገት ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ሆዱ ገና እንደጋለ ነው። ያኔ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ስንጥቅ ያን ቀን አይታይም፤ ቡና ሲፈላበት ነው የሚገለጠው። የኔ ልክ ይህ ነው፦ ከ200 በታች ሳይወርድ ክዳን አይነካም፣ ከ100 በታች ሳይሆን ዕቃ አይወጣም። ትንሽ ምድጃም ቢሆን ይደር። ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ትልቅ ምድጃ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። ደንበኛ እየጠበቀ ነው? ይጠብቃ!

"እናቶቻችን ከነግለቱ ያወጡ የለም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት የተቃጠለ ሸክላ ትኩሱን ሲወጣ ይታያል። ያ ጭቃ ግን ሻካራ ነው፤ የተፈጨ ገል ሊቀላቀልበት ይችላል፤ የሚቃጠለውም በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ውስጡ ቀዳዳ ስለሚበዛ ድንገተኛ ቅዝቃዜን ይችላል። ግሌዝ (ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) የተቀባ ልሙጥ ስኒ ይህን አይችልም።

ነፋስን መርሳት። ግቢያችሁ ጣና ዳር ከሆነ ቀን ቀን ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ታውቁታላችሁ። የማያ ቀዳዳውን ክፍት ከተዋችሁት በአንድ ጎን ያለውን ዕቃ ብቻ ያቀዘቅዘዋል። ውታፉን አታውጡ። በእንጨት የሚሠራ ምድጃ ከሆነ የእሳት መግቢያውን በጡብና በጭቃ ድፈኑ። ዝግ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ከፍም የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

መብራት ሲጠፋ መዘናጋት። መብራት ሲሄድ የሙቀት ማሳያው ባዶ ይሆናል። ባዶ ስለሆነ በርዷል ማለት አይደለም። ሲመለስ ደግሞ አንዳንዱ መቆጣጠሪያ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እናንተ እጃችሁን ከታችሁ ሳለ ማለት ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ።

ውኃ መርጨት። እንፋሎቱ ፊት ይልጣል፣ ዕቃውም ይፈነዳል። ትኩስ ዕቃ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው፤ በተለይ በክረምት። ጣውላ ወይም ደረቅ ጡብ ላይ አድርጉት።

ነጠላ ለብሶ መጎንበስ። የተንጠለጠለ ጨርቅና ናይለን ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ደረቅ የብየዳ ጓንት አድርጉ። እርጥብ ጓንት ሙቀቱን ፈጥኖ ያሳልፋል። የተሰበረ ግሌዝ እንደ መስታወት ይቆርጣል፤ መነጽርም አትርሱ።

ቢያቃጥላችሁስ? ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ። ለ20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያዙት። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ። ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።